የሊስትን የእርጅና ዘመን ሙዚቃ ለመጫወት ለሚጀምር

ሃንጋሪያዊው ፒያኒስትና የሙዚቃ ደራሲ ፍራንዝ ሊስት ሲባል ለብዙ ሰው የሚታየው ረጅም ጸጉሩን ወደ ኋላ ለቅቆ ፒያኖውን የሚያስጮኸው ወጣት ነው። ያ ሊስት በ1847 አብቅቷል (እዚህ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ገና በ35 ዓመቱ ለገቢ ኮንሰርት መስጠቱን ተወ፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ ወደ 39 ዓመት ግድም ኖረ። ይህን የምጽፈው በዚያ ረጅም ኋለኛ ዘመን፣ በተለይ ከ1881 እስከ 1886 ባሉት ዓመታት የደረሳቸውን አጫጭር የፒያኖ ሥራዎች ለመማር ወይም ለማስተማር ላሰበ ሰው ነው።

ሥራዎቹ ወረቀት ላይ ሲታዩ ቀላል ናቸው። ሁለት ሦስት ዓመት የተማረ ሰው ከመካከላቸው የአንዳንዶቹን ኖታ በሳምንት ውስጥ አንብቦ ይጨርሳል። ችግሩ የሚመጣው ኖታው ካለቀ በኋላ ነው። ገጹ ባዶ ስለሚመስል እጅ መሙላት ይፈልጋል፦ ፍጥነት ይጨምራል፣ ፔዳል ይበዛል፣ ዝምታው ይቆረጣል፣ ያልተቋጨውን መጨረሻ ለመቋጨት አንድ ኮርድ የሚጨምርም አይጠፋም። ሊስት እያወቀ ያስወጣውን ተጫዋቹ መልሶ ያስገባዋል ማለት ነው። ከዚህ በታች ያለው ምክር ሁሉ ይህን ለመከላከል ነው።

ከሕይወቱ ለአጨዋወት የሚጠቅመውን ብቻ ላንሳ። በ1859 ወንድ ልጁ ዳንኤል በ20 ዓመቱ፣ በ1862 ደግሞ ትልቋ ልጁ ብላንዲን በ26 ዓመቷ ሞቱበት። በሁለቱ ሞት መካከል፣ በ50ኛ ዓመት ልደቱ ቀን፣ ኦክቶበር 22 ቀን 1861፣ ከልዕልት ካሮሊን ዙ ሳይን ቪትገንሽታይን ጋር ሮም ውስጥ ሊፈጸም የነበረው ጋብቻ በመጨረሻው ሰዓት ተሰናከለ። በ1863 ሮም አጠገብ ሞንቴ ማሪዮ ላይ ወዳለው የማዶና ዴል ሮዛሪዮ ገዳም ሄዶ ተቀመጠ። በ1865 የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያንን ዝቅተኛ ማዕርጋት ተቀበለ፤ ከዚያ ወዲህ ጥቁር ቀሚስ ለብሶ አቤ ሊስት እየተባለ ነበር የሚጠራው። ከ1869 ጀምሮ ዓመቱን ለሮም፣ ለቫይማርና ለቡዳፔስት ከፍሎ ኖረ፤ በ1875 ቡዳፔስት ውስጥ የተከፈተው የሙዚቃ አካዳሚ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሆነ።

ጁላይ 2 ቀን 1881 ቫይማር በሚኖርበት ቤት ደረጃ ላይ ወደቀ። እስከዚያ ድረስ ብርቱ የነበረው የ69 ዓመት ሰው ከዚያ በኋላ ድሮው አልተመለሰለትም፤ እግሩ ያብጥ ጀመር፣ እንቅልፍና ትንፋሽ አስቸገሩት፣ የግራ ዓይኑን ሞራ ጋረደው። በወደቀ በ53ኛው ቀን፣ ኦገስት 24፣ «ኑአዥ ግሪ» የተባለችውን ጽፎ ጨረሰ፤ «ግራጫ ደመናዎች» ማለት ነው። መጀመሪያ እንድትይዟት የምመክረው ሥራ እሷን ስለሆነ እዚህ ላይ ረጋ ብዬ እቆያለሁ።

«ኑአዥ ግሪ» 48 ባር ብቻ ናት። መግቢያዋ ላይ ሁለት ፍላት አለ፤ ሶል ማይነር ናት ብሎ መጀመር ይቻላል፣ ግን ሶል ማይነር ላይ አታርፍም። ቀኝ እጅ ብቻውን ይጀምራል፦ ከሬ ወደ ሶል ይወጣል፣ ከሶል ወደ ዶ ሻርፕ ይዘልላል። የመጀመሪያው ዝላይ ጆሮ የለመደው አራተኛ ነው፤ ሁለተኛው ትራይቶን ነው፣ ሦስት ሙሉ ቶን። የሥራው ጠባይ በሙሉ እዚያች ሁለተኛ ዝላይ ውስጥ ስላለ ዶ ሻርፑን አታጉሉት። ብዙ ተማሪ እንግዳ ኖታ ሲያይ ይጫነዋል፤ ያኔ ዜማው መንገደኛ መሆኑ ይቀርና ማስጠንቀቂያ ይሆናል። ሦስቱን ኖታዎች በአንድ ትንፋሽ፣ በእኩል ክብደት አውጧቸውና ዶ ሻርፑ በራሱ ይሰማ።

ፍጥነቱን በሒሳብ መያዝ ይሻላል። 48 ባር በአራት አራት ምት 192 ምት ነው። ሜትሮኖሙን (ምት ቆጣሪውን) በደቂቃ 66 ምት ላይ ብታደርጉት 2 ደቂቃ ከ55 ሰከንድ ገደማ ይወስዳል፤ 96 ላይ ብታደርጉት በ2 ደቂቃ ያልቃል። በእኔ ግምት ትክክለኛው ቦታ ከ60 እስከ 69 ባለው ውስጥ ነው። ከ60 ሲወርድ የመጀመሪያው ዜማ ተበታትኖ ነጠላ ኖታ ይሆናል፤ ከ75 ሲያልፍ ደግሞ ቤዙ ጊዜ አጥቶ ይታፈናል። ስትለማመዱ ድምፃችሁን በስልክ ቅዱና ርዝመቱን ተመልከቱ። ከ2 ደቂቃ ተኩል ካነሰ ሮጣችኋል፤ አብዛኛውን ጊዜ የሮጣችሁትም ረጅም ኖታዎቹና ዕረፍቶቹ ላይ ነው። ስለዚህ ዕረፍቶቹን በቃል፣ ድምፅ አውጥታችሁ ቁጠሩ። እጅ ሥራ ሲፈታ አእምሮ ምት ይሰርቃል።

ከታች በቤዝ የሚገባው ትሬሞሎ (ኖታዎችን በፍጥነት እያመላለሱ ማንቀጥቀጥ) የመጀመሪያው ወጥመድ ነው። ትሬሞሎ ሲደክም ይጮኻል፣ ሲጮኽ ደግሞ ይፈጥናል። ጣቶቻችሁ ከቁልፉ ላይ ሳይነሡ፣ ቁልፉ ሙሉ በሙሉ ሳይመለስ፣ አንጓችሁን በትንሹ እያዟዟራችሁ ተጫወቱት። ክንድ ከጠነከረ አቁማችሁ እጃችሁን ጭናችሁ ላይ አሳርፉና እንደገና ጀምሩ። የሚፈለገው ከሩቅ እንደሚሰማ ጉርምርምታ ያለ ድምፅ ነው፤ የእያንዳንዱ ኖታ ምት መለየት የለበትም።

ቀጥሎ ቤዙ በሲ ፍላትና በላ መካከል እየተመላለሰ ከላይ ኦግመንትድ ኮርዶች በግማሽ ቶን ይወርዳሉ። እነዚህን ኮርዶች ለብቻቸው ሳትለማመዱ ወደ ሥራው አትግቡ። ኦግመንትድ ኮርድ ማለት በሦስቱ ኖታዎች መካከል እኩል አራት አራት ግማሽ ቶን ያለበት ነው፤ ኦክታቭን ለሦስት እኩል ስለሚከፍል የትኛው ኖታ «ቤት» እንደሆነ ጆሮ መለየት ያቅተዋል። በጠቅላላው ያሉት አራት ብቻ ናቸው። ከዶ–ሚ–ሶል ሻርፕ ተነሥታችሁ በግማሽ ቶን ውረዱ፦ ሲ–ሬ ሻርፕ–ሶል፣ ሲ ፍላት–ሬ–ፋ ሻርፕ፣ ላ–ዶ ሻርፕ–ፋ። አምስተኛው ላ ፍላት–ዶ–ሚ ነው፤ የጀመራችሁባቸው ኖታዎች፣ በሌላ አቀማመጥ። ይህን በጆሮ ያገኘ ተማሪ ሙዚቃው ለምን እየወረደ የትም እንደማይደርስ በአንድ ጊዜ ይገባዋል።

ለእጅ የሚያስቸግረው የቁልፎቹ ቅርጽ መለዋወጡ ነው። የመጀመሪያው ኮርድ ነጭ–ነጭ–ጥቁር፣ ሁለተኛው ነጭ–ጥቁር–ነጭ፣ ሦስተኛው ጥቁር–ነጭ–ጥቁር ነው። ሦስተኛው ላይ አውራ ጣትና ትንሿ ጣት ጥቁር ቁልፍ ላይ ስለሚወጡ እጁን በሙሉ ወደ ፒያኖው ውስጥ አንድ ሁለት ሳንቲ ሜትር አስገቡ። ይህን የማያደርግ ሰው ጣቱን አጥፎ ይዘረጋና መካከለኛው ኖታ ከሌሎቹ ዘግይቶ ይሰማል። በየቀኑ አምስት ደቂቃ፣ በሁለቱም እጅ፣ ያለ ፔዳል፣ ሦስቱ ኖታ እኩል እስኪወድቅ ድረስ ይበቃል።

ፔዳሉን ከሁለተኛው ሳምንት በፊት አትንኩት። ሲ ፍላትና ላ በግማሽ ቶን የተቀራረቡ የቤዝ ድምፆች ናቸው፤ ፔዳሉን ይዛችሁ ካለፋችሁ ጭቃ ይሆናል፣ በየጊዜው ሙሉ በሙሉ ካነሣችሁት ደግሞ ቅዝቃዜውም ጥላውም ይጠፋል። የሚሠራው መካከለኛው መንገድ ነው፦ ቤዙ በተቀየረ ቁጥር ፔዳሉን እስከ ግማሽ ብቻ ልቀቁና መልሳችሁ ያዙ፤ የድሮው ድምፅ ይሳሳል እንጂ አይቆረጥም። እዚህ ላይ መሣሪያው ወሳኝ ነው። ብዙ ርካሽ የኪቦርድ ፔዳሎች እንደ መብራት ማብሪያ ወይ ያዝ ወይ ልቀቅ ብቻ ናቸው፣ ግማሽ የሚባል የላቸውም። በእንዲህ ያለ ፔዳል የምትጫወቱ ከሆነ ቤዙን በጣት ያዙና ፔዳሉን ኮርዶቹን ለማገናኘት ብቻ አጭር አጭር አድርጋችሁ ተጠቀሙበት። 61 ቁልፍ ብቻ ያለው ኪቦርድ ግን ቤዙ ስለሚያልቅበት ለዚህ ሙዚቃ አይሆንም፤ ኖታውን ወደ ላይ በኦክታቭ መቀየር ደመናውን ማንሣት ነው።

ከባር 33 በኋላ ቀኝ እጅ በኦክታቭ፣ በግማሽ ቶን በግማሽ ቶን ይወጣል፤ ግራው ደግሞ ኦግመንትድ ኮርዶቹን ይዞ ይወርዳል። ወደ ላይ የሚወጣ መስመር ሲያይ እጅ ሁሉ ማጎልበት ይጀምራል። እዚህ ግን አይሆንም፤ በጣም ትንሽ ብቻ ፈቀቅ በሉና ጉልበታችሁን ለማያያዝ አውሉት። ጥቁር ቁልፍ ላይ አራተኛ ጣት፣ ነጭ ላይ አምስተኛ ጣት ብታደርጉ የላይኛው ድምፅ ሳይቆረጥ ይሄዳል። መስመሩ ፋ ሻርፕ ደርሶ ሶል ላይ ያርፋል። ሶል የቤቱ ኖታ ነው፣ ደረስን ያሰኛል፤ ከሥሩ ያለው ግን ላ ላይ የተቀመጠ ኦግመንትድ ኮርድ ነው። ዜማው ቤቱ ገባ፣ ቤቱ ግን የለም። ይህን ቦታ የሚጫወት ሰው እፎይታም ድንጋጤም ማሳየት የለበትም።

አንድ ጥንቃቄ ላክል። ከመውደቁና ከሕመሙ በኋላ የተጻፈ ስለሆነ የታማሚ ሙዚቃ አድርጎ የማልቀስ ፈተና አለ። ሊስት ኖታው ላይ እንዲህ ያለ ልቅሶ አልጻፈም። ምት እየሳቡ መጎተት፣ እያንዳንዱን ሐረግ መጨረሻ ላይ ማዘግየት የወጣትነት ሥራዎቹ ልማድ ነው፤ እዚህ ሲገባ ሥራውን ያፈርሰዋል። ቀጥ ያለ ምት፣ ቀዝቃዛ እጅ።

«ኑአዥ ግሪ» ለጀማሪ ከበደች ከተባለ ከእሷ በፊት የሚሆን ነገር አለ። ሊስት ለልጅ ልጁ ለዳኒኤላ ያበረከተው «የገና ዛፍ» የሚባል 12 ሥራዎች ያሉት ስብስብ አለ፤ የመጀመሪያዎቹ አራቱ የድሮ የገና መዝሙሮች ላይ የተመሠረቱና ለትንሽ እጅ የሚመቹ ናቸው። «ኣን ሬቭ» («በሕልም») የሚባለው የ1885 ኖክተርን (የሌሊት ስሜት ያለው ረጋ ያለ ሥራ)፣ ለተማሪው ለአውጉስት ሽትራዳል የተሰጠው፣ ከዚያ ቀጥሎ ጥሩ ነው፤ ችግሩ በሲ ሜጀር መሆኑና አምስት ሻርፕ መኖሩ ብቻ ነው። ከ«ኑአዥ ግሪ» በኋላ «ኡንሽተርን» ትመጣለች፤ «ክፉ ኮከብ» እንደ ማለት ነው። እሷም በትራይቶን ትጀምራለች፣ እየተፋጨች ወጥታ በመጨረሻ እንደ ኦርጋን ወደሚዘረጋ ኮርድ ትወርዳለች። መካከሉን በክንድ ክብደት እንጂ በምት አትውቀጡት፤ ከተወቀጠ የኦርጋኑ ክፍል ሲመጣ ጆሮ ደክሞ ይቆያል። «ባጋቴል ሳን ቶናሊቴ» (መነሻ ቁልፍ የሌላት አጭር ሥራ) የሚባለውን የ1885 ፈጣን ሥራ ለኋላ አቆዩት፣ እሱ ጣትም ይጠይቃል።

ኖታ ስትገዙ ወይም ስታወርዱ አንድ ነገር ልብ በሉ። ከእነዚህ ሥራዎች ብዙዎቹ ሊስት በሕይወት እያለ አልታተሙም፦ «ኑአዥ ግሪ» በ1927፣ ባጋቴሉ ደግሞ በ1956 ነው ለኅትመት የበቃው። ስለዚህ በአንዳንድ እትም ላይ የምታዩት የጣት ቁጥር፣ የፔዳል ምልክትና የድምፅ መጠን የአዘጋጁ እንጂ የሊስት ላይሆን ይችላል። ጥሩ እትም የአዘጋጁን ጭማሪ በቅንፍ ወይም በትንሽ ፊደል ይለያል። በ1970 ቡዳፔስት ውስጥ መታተም የጀመረው አዲሱ የሊስት ሥራዎች ስብስብ ይህን በጥንቃቄ ያደርጋል። ምንም የማይለይ እትም ካላችሁ ኖታውን እመኑ፣ የተቀረውን ግን እንደ ሐሳብ ብቻ ውሰዱት።

ስለ «ላ ሉጉብሬ ጎንዶላ» (ኀዘንተኛዋ ጎንዶላ) ደግሞ የኮንሰርት ወረቀት ላይ ተደጋግሞ የሚጻፍ ስሕተት አለ፦ ሊስት የኦፔራ ደራሲው ሪቻርድ ዋግነር ሲሞት አዝኖ ጻፈው ይባላል። ቀኖቹን አስቀምጧቸው። ሊስት ኖቬምበር 1882 ቬኒስ ሄዶ የልጁ የኮሲማ ባል በሆነው በዋግነር ቤት፣ በካናሉ ዳር ባለው ፓላሶ ቬንድራሚን ተቀመጠ። ሬሳ የጫኑ ጎንዶላዎች ውኃው ላይ ሲያልፉ ያይ ነበር፤ ሥራውን የጀመረው በዲሴምበር ነው። ጃንዋሪ 13 ቀን 1883 ከቬኒስ ወጣ። ዋግነር የሞተው ልክ በወሩ፣ ፌብሩዋሪ 13 ነው። ስለዚህ ሙዚቃው ከሞቱ ይቀድማል። ለዋግነር ሞት የተጻፉት ሌሎች ናቸው፦ «ር. ዋ. – ቬኔዚያ» (የሪቻርድ ዋግነር ስም መነሻ ፊደላትና ቬኒስ) እና «በሪቻርድ ዋግነር መቃብር» የሚባሉት፣ ሁለቱም በ1883።

ጎንዶላው ሁለት የፒያኖ ቅጂ አለው፤ ተማሪዎች ይደባልቋቸዋል። የመጀመሪያው 6/8 ነው፣ ግራ እጅ እንደ ጀልባ እየተወዛወዘ ይሄዳል። ሁለተኛው 4/4 ነው፣ የሚጀምረውም አጃቢ በሌለው፣ ንግግር በሚመስል ረጅም ነጠላ ዜማ ነው። ለመማር ቀላሉ የመጀመሪያው ነው፤ ግራ እጅን ለብቻው፣ ያለ አንዳች መጥበቅ፣ ሦስት ደቂቃ ያህል ሳይቋረጥ ማወዛወዝ ስትችሉ ብቻ ቀኙን ጨምሩ። ሁለተኛው ላይ የሚበላሸው ያ ብቸኛ ዜማ ነው። አጃቢ ስለሌለው ሰው ምቱን ይለቃል፣ አንዱ ሐረግ ሁለት እጥፍ ይረዝማል። መጀመሪያ በሜትሮኖም፣ ልክ እንደተጻፈው፣ እየዘመራችሁ ተማሩት። ነጻነቱ ከዚያ በኋላ በጥቂቱ ይጨመራል።

ሌሎቹን የወረቀት ስሕተቶችም እዚሁ ልጨርስ፤ ለኮንሰርት ማብራሪያ የሚጽፍ ሰው ያስፈልጉታልና። ሊስት ቄስ አልነበረም፤ የተቀበለው አራቱን ዝቅተኛ ማዕርጋት ብቻ ስለሆነ መቀደስም ንስሐ መስማትም አይችልም ነበር። በ1847 ፒያኖ መጫወት አላቆመም፤ ያቆመው ለራሱ ገቢ መጫወትን ነው። ለእርዳታ፣ ለወዳጅና ለተማሪ መጫወቱን ቀጥሎ የመጨረሻ ኮንሰርቱን በጁላይ 1886 ሉክሰምበርግ ውስጥ ሰጥቷል። ከዚያ ወደ ባይሮይት ሄዶ ጁላይ 31 በሳንባ ምች ሞተ፤ የተቀበረውም እዚያው ነው።

«በእርጅናው ጣቱ ስለደከመ ነው ቀላል የጻፈው» የሚለው ከሁሉም ያስቆጨኛል፤ ምክንያቱም ተማሪው ሥራዎቹን ንቆ እንዲይዛቸው ያደርጋል። በ1877፣ በ66 ዓመቱ ዳርቻ፣ ቲቮሊ ውስጥ ስላለው የቪላ ዴስቴ ፏፏቴ የጻፈውን ተመልከቱ፦ ስድስት ሻርፕ፣ ከላይኛው የፒያኖ ጫፍ እንደ ውኃ የሚረጩ አርፔጂዮዎች (ኖታቸው አንድ በአንድ የሚወጣ ኮርዶች)፣ እስከ ዛሬ ጠንካራ ፒያኒስት የሚፈትኑ። ባር 144 ላይ ሙዚቃው ወደ ሬ ሜጀር ሲሻገር ሊስት ከዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 4 ቁጥር 14ን በላቲን ጽፎበታል፤ ጌታ ለሳምራዊቷ ሴት ስለ ሕይወት ውኃ የነገራትን። እንዲህ ያለ ሥራ የጻፈ ሰው ከአራት ዓመት በኋላ ኖታ ሲቀንስ መርጦ ነው። ፏፏቴውን መጫወት ለደረሰ ሰው አንድ ምክር፦ አርፔጂዮዎቹ የሚከብዱት በኃይል ሲነኩ ነው፤ ቁልፉን ግማሽ ድረስ ብቻ የምትጫኑ ያህል ቀለል አድርጉና ዜማው ሲመጣ ብቻ ክብደት ስጡ።

ለአስተማሪዎች ሊስት ቫይማር ያስተምር የነበረበት መንገድ ለዚህ ሙዚቃ ራሱ ይሠራል። በሳምንት ሦስት ከሰዓት በኋላ ተማሪዎቹ ይሰበሰባሉ፤ ሊጫወቱ ያሰቡትን ኖታ ፒያኖው ላይ ይደረድራሉ፣ እሱ አገላብጦ አንዱን ያነሣል፣ ባለቤቱ ወጥቶ ይጫወታል፣ ሌላው ሁሉ ይሰማል። ገንዘብ አይቀበልም ነበር። የጣት ልምምድ እዚያ አይሠራም፣ የቤት ሥራ ነው። አሌክሳንደር ዚሎቲ፣ ኤሚል ፎን ዛወር፣ አርቱር ፍሪድሃይም ከዚያ ክፍል የወጡ ናቸው። ሦስት አራት ተማሪ ካላችሁ «ኑአዥ ግሪ»ን ለሁሉም ስጡና በአንድ ቀን በተራ አስጫውቷቸው። ኖታው ጥቂት ስለሆነ የአንዱ ከሌላው መለየት ወዲያው ይሰማል፦ ማን ዝምታውን እንደቆረጠ፣ የማን ፔዳል እንደጨቀየ ልጆቹ ራሳቸው ይነግሯችኋል። አስተማሪ አሥር ጊዜ ከሚናገረው ይህ ይበልጣል።

መድረክ ላይ ስታቀርቡት ቦታውን ምረጡለት። ከሃንጋሪ ራፕሶዲ (ከሊስት ደማቅ ሥራዎች አንዱ) በኋላ ካስገባችሁት አድማጩ ገና እያጨበጨበ ስለሆነ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ኖታዎች ይጠፋሉ። በዝግታ ካለቀ ሥራ በኋላ፣ ጭብጨባ ሳይኖር፣ በቀጥታ ግቡ። መጨረሻው ኮርድ ላይ ፔዳሉን እንደያዛችሁ ጣቶቻችሁን ከቁልፉ ላይ አታንሡ፤ ድምፁ እየሳሳ ሲሄድ ፔዳሉን ቀስ ብላችሁ፣ ከሁለት እስከ ሦስት ሰከንድ ወስዳችሁ ልቀቁ፤ ጣት ከፔዳሉ በኋላ ይነሣ። ገጽ የሚገልጥላችሁ ሰው ካለ እስከዚያ ድረስ እንዳይንቀሳቀስ አስቀድማችሁ ንገሩት።